መዝገቡ ተዘግቷል፤ አሻራ ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂዋ በአካውንቲንግ ሌቭል 4 ጨርሳለች፣ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፋለች። ከዚህ በፊት አንድ ካፌ ውስጥ ካሸር ነበረች። አንድ ቀን ሒሳብ ጎደለ፤ ባለቤቱ ለፖሊስ አመለከተ። ጣቢያ ሄዳ ቃል ሰጠች፣ አሻራ ተነሳች፣ በዋስ ወጣች። ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕግ «ማስረጃ የለም» ብሎ መዝገቡን ዘጋው። አሁን አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለገንዘብ ያዥነት ያወጣውን ፈተና አልፋለች። ከወንጀል ነፃ መሆንሽን የሚያሳይ፣ ፖሊስ አሻራ አንስቶ የሚሰጠውን ማስረጃ አምጪ ተብላለች። «ስሜ ፖሊስ ዘንድ ካለ መዋረድ ነው ትርፉ፣ ልተወው?» ትላለች። ጓደኛዋ ደግሞ «ሳትሄጂ የሚያወጣልሽ ሰው አለ» ብላታለች።

አትተዪው እህቴ። ሂጂና አሻራሽን ስጪ።

መጠርጠር፣ መከሰስና መፈረድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንቺ ያለሽው የመጀመሪያው ላይ ነው። አቤቱታ ቀረበብሽ፣ ተመረመርሽ፣ ዐቃቤ ሕግ አይቶ ክስ አልመሠርትም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው እንኳ እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ይላል። ያልተከሰሰውማ ምኑ ይወራል! የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ሲወጣ ለቅጥር ብቁ አይደለም ያለው በእምነት ማጉደል፣ በስርቆት ወይም በማጭበርበር ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያለውን ሰው ነበር። አቤቱታ የቀረበበትን አላለም። ከዚያ ወዲህ አዋጁ በሌላ ተተክቷል፤ የጅማ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የሚቀጥሩት በክልሉ ሕግ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩን ከሰው ሀብት ክፍሉ ጠይቂ።

ግን አላባብልሽም። አንቺ የተጠረጠርሽበት ነገር እምነት ማጉደል ነው፤ የምትወዳደሪው ደግሞ ለገንዘብ ያዥነት። ወሬው ቀድሞሽ ከደረሰ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። መፍትሔው ወረቀት ነው።

ወደ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤቱ ሂጂና መዝገቡ የተዘጋበትን ውሳኔ ማኅተም ያለበት ቅጂ ጠይቂ። ማስረጃ በማነሱ የተዘጋ ከሆነ ብዙውን ጊዜ «42(1)(ሀ)» የሚል ታገኚበታለሽ። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ ነው፤ የሚያስቀጣ በቂ ማስረጃ አልተገኘም ማለት ነው። ስትሄጂ የምርመራ መዝገቡን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ቁጥር የሌለው ሰው «ነገ ተመለሽ» ሲባል ይከርማል። ቁጥሩ ከጠፋብሽ የዋስትናሽን ወረቀት ፈልጊ፣ እዚያ ላይ ሊኖር ይችላል። በነገራችን ላይ ለዋስትና ያስያዝሽው ብር ካለ መልሰሽ ወስደሻል? ብዙ ሰው ነገሩ ሲያልቅለት በደስታ ብሩን ይረሳል።

አሻራ ስትሰጪ የቀድሞው መዝገብ ብቅ ቢል አትደንግጪ። ውሳኔውን አውጥተሽ አሳዪ። ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ስምሽን አመሳክሪ። ይህ በኛ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም። መታወቂያው በቁቤ፣ ዲፕሎማው በእንግሊዝኛ ይጻፋል። «ጫላ» የሚባል አባት ያላት ልጅ መታወቂያዋ ላይ በሲ፣ ዲፕሎማዋ ላይ በሲ ኤች ይጀምርላታል። ኤው አንድ ቦታ ነጠላ፣ ሌላ ቦታ ድርብ ነው። ሰውየው አንድ ነው፣ ወረቀቱ ግን ሁለት ሰው ይመስላል። ማስረጃው ለቅጥር የምታቀርቢው ዲፕሎማ ላይ ካለው ስም ጋር እንዲስማማ ቀድመሽ ተናገሪ። ከታተመ በኋላ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

የጓደኛሽን «ሰው» እርሺው። ማስረጃው የሚሠራው በአሥር ጣቶችሽ ነው፤ ጣትሽን ቤት ትተሽ የሚወጣ እውነተኛ ወረቀት የለም። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ለፖሊስ ጽፎ ማጣራት ይችላል። በሐሰተኛ ሰነድ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ምንም ያልተፈረደብሽ ሰው ገንዘብ ከፍለሽ ወንጀል ልትገዢ ነው ማለት ነው።

ቅጹ ላይ ጥያቄውን ቀስ ብለሽ አንብቢ። «ተፈርዶብሽ ያውቃል?» ካለ መልስሽ «አያውቅም» ነው፤ ውሸት አልተናገርሽም። «ተጠርጥረሽ ወይም ተይዘሽ ታውቂያለሽ?» ካለ ግን «አዎ» በዪና ውሳኔውን አያይዢ። በቃል ከጠየቁሽ አታስረዝሚው። «ካፌ ስሠራ ሒሳብ ጎድሎ አቤቱታ ቀርቦብኝ ነበር። ዐቃቤ ሕግ አይቶ ዘግቶታል። ውሳኔው ይኸው።» በቃ። የካፌውን ባለቤት ማማት አትጀምሪ። ስለ ድሮ አለቃው የሚያማርር ገንዘብ ያዥ ማንንም ደስ አይለውም።

አንቺ ያላነሳሽው ነገር አለ፤ ተያዥ። ገንዘብ ለሚይዝ ሠራተኛ ዋስ መጠየቁ አይቀርም። እኔ ከፖሊሱ ወረቀት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ጅማ ትልቅ ከተማ ትምሰል እንጂ እዚሁ መርካቶ ሰፈር የተወራው ሳይመሽ ቆጪ ሰፈር ይደርሳል። አጎትሽ ወይም የሰፈር ሰው ሊፈርምልሽ እሺ ብሎ፣ በማግስቱ ታሪኩን ከሌላ ሰው ቢሰማ ፊርማውን ያነሳል። ያኔ ሥራውም ዝምድናውም ይበላሻል። ስለዚህ ከመፈረሙ በፊት ቁጭ በዪና ራስሽ ንገሪው። ውሳኔውን አሳዪው። «እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ ነበር፣ ካልተመቸህ አልቀየምም» በዪው። ቀድሞ የተነገረው ሰው ሌላው ሲያወራ «አውቃለሁ» ይላል፤ ወሬውም እዚያው ይቆማል።

ማስረጃ አምጪ መባልሽን እንደ ስድብ አትውሰጂው። ትምህርት ቤት የልጆች ቤት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት አላቸው ብሎ ጽፏል። ቢሮ ተቀምጣ ደረሰኝ የምትቆርጠውም ብትሆን በግቢው ከልጆቹ ጋር ትውላለች። እንዲያውም እኔን ብትጠይቂኝ ማጣራቱ ያንሳል። ጥበቃውም ጽዳቱም እንደ መምህሩ እኩል መጣራት አለበት። ርዕሰ መምህሩም ስልክ አንስቶ የቀድሞ መሥሪያ ቤትን ቢጠይቅ መልካም ነው። የፖሊሱ ወረቀት ሁሉን አያሳይም፤ ልጅ የሚያስለቅስ ሰው ሁሉ ደግሞ አልተፈረደበትም።

ይህን የሚያነብ በእርግጥ የተፈረደበት ሰው ካለም በሩ ለዘላለም አልተዘጋም። የወንጀል ሕጉ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ «መሰየም» የሚለው ሥርዓት አለ። ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው ለፍርድ ቤት አመልክቶ ፍርዱ ሊሰረዝለት ይችላል። ለጽኑ እስራት ቢያንስ 5 ዓመት፣ ለቀላል እስራት ቢያንስ 2 ዓመት ማለፍ አለበት። የተፈረደበት ካሣ ካለም አቅሙ የፈቀደውን መክፈል ይጠበቅበታል። ማመልከቻውን ከመጻፍህ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክር፤ ዩኒቨርሲቲያችን ባለበት ከተማ ሕግ ያጠና ሰው አይጠፋም።

ወዳንቺ ልመለስ። ማስረጃ አምጪ የተባልሽበት ቀነ ገደብ አለ? ካለ ነገውኑ ሰው ሀብት ክፍል ሂጂና ማስረጃው በመውጣት ላይ መሆኑን በማመልከቻ አሳውቂ። ሁለት ቅጂ አድርጊ። አንዱን ስጪ፣ ሌላው ላይ ተቀባዩ ቀኑን ጽፎ ይፈርምልሽና ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።