ማትሪክ ለሚፈተኑ የጎጃም ልጆችና ለወላጆቻቸው፦ ጥያቄና መልስ

የዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ወላጆችና አንዳንድ መምህራን ከየወረዳው ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹ በአንድ ላይ ተመልሰዋል።

ቲቸር፣ ለማለፍ በየትምህርቱ 50 ማምጣት ግዴታ ነው? እኔ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ። (ተማሪ፣ ቢቸና)

ግዴታ አይደለም፤ የሚታየው ድምሩ ነው። ናቹራል ከሆንክ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ትፈተናለህ። ሶሻል ከሆንክ ሦስቱ የጋራ ትምህርቶች እንዳሉ ሆነው ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨመራሉ። ስድስቱም እያንዳንዳቸው ከ100 ይያዛሉና ጠቅላላው 600፣ ማለፊያው 300 ነው። ሒሳብ 38 አምጥተህ ባዮሎጂ 62 ካመጣህ ሁለቱ ተካክሰዋል ማለት ነው።

ይህን ሰምተህ ግን ሒሳብን እርግፍ አድርገህ እንዳትተው። በቆዩት የፈተና ወረቀቶች ሒሳብ 65 ጥያቄ በ3 ሰዓት፣ እንግሊዝኛ 120 ጥያቄ በ2 ሰዓት ነበር። ሁለቱም ወደ 100 ሲቀየሩ አንድ የሒሳብ ጥያቄ 1.54 ነጥብ ገደማ ይይዛል፤ አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ደግሞ 0.83 ብቻ። ስለዚህ ሒሳብ ላይ ተጨማሪ አሥር ጥያቄ የመለሰ ልጅ ድምሩን በ15 ነጥብ አሳድጓል። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መሠረታዊ ምዕራፎች አሥር ጥያቄ ማግኘት ደካማ ነኝ ለሚል ልጅም የሚቻል ነው። ከዚያ ውጭ ሒሳብ የተወ ልጅ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ላይም እግሩ ይያዛል።

አራት ወር ቀርቶኛል። ከየትኛው መጽሐፍ ልጀምር? (ተማሪ፣ ፍኖተ ሰላም)

ከመጽሐፍ አትጀምሪ። አንድ ያለፈ ዓመት ፈተና አግኚና ሰዓት ይዘሽ፣ ስልክሽን አጥፍተሽ፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሪው። ካልኩሌተር ፈተና ክፍል አይገባም፤ በስልክ ካልኩሌተር የተለማመደ እጅ የፈተናው ቀን ሎጋሪዝምና ካሬ ሥር ላይ ይቆማል። ስትጨርሺ አርሚው። ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከእርማቱ በኋላ ነው።

አንድ ደብተር የስህተት ደብተር ይሁን። ለእያንዳንዱ ለሳትሽው ጥያቄ ከአራቱ ምክንያቶች አንዱን ጻፊ፦ ትምህርቱን አላውቀውም፤ አውቀዋለሁ ግን ስሌት ሳትኩ፤ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም፤ ሰዓት አለቀብኝ። ምሳሌ ልስጥሽ። «በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ፍሬን ስትይዝ ፍጥነቷ በየሰከንዱ በ4 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። እስክትቆም ስንት ሜትር ትሄዳለች?» ይላል። 72ን ለ3.6 አካፍለሽ 20 ሜትር በሰከንድ ታገኛለሽ፤ የ20 ካሬ 400፣ ለ8 (ለ4 እጥፍ) ሲካፈል 50 ሜትር። ያልቀየረች ልጅ ግን የ72 ካሬን 5184 ትልና ለ8 አካፍላ 648 ታገኛለች። 648 ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቃታል። ፈተና አውጪዎች ተማሪ የሚሳሳተውን ያውቁታልና ምርጫ የሚያደርጉት ያንኑ ስህተት ነው። ደብተርሽ ላይ «648 አልኩ፤ መልሱ 50፤ መለኪያ አልቀየርኩም» ብለሽ ጻፊ።

ሦስት ወረቀት ከሠራሽ በኋላ ቁጠሪው። «መለኪያ አልቀየርኩም» ስድስት ጊዜ ከመጣ ምዕራፉን እንደገና ማንበብ አያስፈልግሽም፤ የቁጥሩን መለኪያ ከማስላትሽ በፊት ማክበብን ልማድ አድርጊው። «አላውቀውም» የሚለው ከበዛ ያን ጊዜ ወደ መጽሐፉ ሂጂ፣ ወደዚያው ምዕራፍ ብቻ። «ጥያቄውን አላነበብኩም» የሚለው በአብዛኛው እንግሊዝኛው ነው። «ኖት» (not)፣ «ኤክሰፕት» (except)፣ «ሊስት» (least) የሚሉ ቃላት ጥያቄውን ይገለብጡታልና ባየሻቸው ቁጥር አስምሪባቸው።

በጸጥታው ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ 11ኛ ክፍልን በቅጡ አልተማርንም። እንዴት ይሸፈናል? (የተማሪዎች ቡድን፣ ሜጫ)

ፈተናው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ይነካል። ሁሉንም ከገጽ አንድ ጀምሮ ለማንበብ መሞከር በየካቲት ደክሞ መተው ነው። ሌላው የሚቆምባቸውን ምዕራፎች አስቀድሙ። ሒሳብ ላይ ፈንክሽን፣ ሎጋሪዝምና ትሪጎኖሜትሪ ሳይያዙ ሊሚትና ዴሪቬቲቭ አይገቡም። ኬሚስትሪ ላይ የሞል ስሌት ያልገባው ሰው የሶሉሽን ኮንሰንትሬሽንም፣ ጋዝም፣ አሲድና ቤዝም ይጠፉበታል። ፊዚክስ ላይ ቬክተር፣ የኒውተን ሕጎችና ኢነርጂ ቅድሚያ ያገኛሉ። ባዮሎጂን ብቻውን የሚያነብ ልጅም ይወጣዋልና ለቡድን ጥናት ጊዜ አታባክኑበት።

ኔትወርክ ባለበት ቀን ከእናንተ አንዱ የአራቱንም ክፍል መጻሕፍትና የቆዩ ፈተናዎችን በፒዲኤፍ አውርዶ በሚሞሪ ካርድ ያከፋፍል። አራት ልጆች ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ አንድ ምዕራፍ ያዙና በሳምንቱ መጨረሻ ለሌሎቹ አስረዱ። ሲያስረዳ የተደናቀፈ ልጅ የቱ እንዳልገባው እዚያው ያውቀዋል።

ልጄ ከተማ ቤት ተከራይቶ ነው የሚማር፤ ቅዳሜ ስንቅ እልክለታለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ላግዘው? (እናት፣ ደብረ ኤልያስ)

እናቴ፣ የሚያግዙት ብዙ አለ። ስንቅ ለመውሰድ ቅዳሜ ሄዶ እሁድ ማታ የሚመለስ ልጅ በመንገዱ ብቻ ሁለት የጥናት ቀን ያጣል። ገበያ ከሚወጣ ጎረቤት ጋር እንጀራውን፣ በሶውንና ሽሮውን ቢልኩለት፣ እሱ በየሁለት ሳምንቱ ቢመጣ ይበቃል። አጨዳና ውቂያ ሲደርስ ሰው ማጣትዎ እውነት ነው፤ ቢሆንም 12ኛ ክፍል በሆነበት ዓመት ከትምህርት ቀን አያስቀሩት፤ የግድ ከሆነ በትምህርት ቤት ዕረፍት ይሁን። መብራት በሚጠፋበት ቤት ትንሽ የሶላር ፋኖስ ከአጋዥ መጽሐፍ ይልቅ ትጠቅማለች።

ሲመጣ ደግሞ «የስህተቱን ደብተር አሳየኝ» ይበሉት። ማንበብ ባይችሉም ገጹ መሙላቱን ያያሉ። «ስንተኛ ወጣህ?» ከሚለው ጥያቄ የተሻለ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አንደኛ የወጣ ልጅ 300 ሳይሞላ የሚቀርበት አጋጣሚ አለና። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ተፈታኞች 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። የክፍል ደረጃ ልጅዎን ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ብቻ ነው የሚያስተያየው።

መልስ ወረቀት ላይ ልጆች የሚሳሳቱት ምን ላይ ነው? (መምህር፣ ዳንግላ)

መምህር፣ ይህን በሞዴል ፈተና ጊዜ ቢያለማምዷቸው ትልቅ ነገር ነው። አንደኛው የቡክሌት (የጥያቄ ደብተሩ) ኮድ ነው። ኮዱን ያላጠቆረ ወይም ያሳሳተ ልጅ መልሱ በሌላ ቁልፍ ሊታረም ይችላል። ስለዚህ ጥያቄውን ከመግለጡ በፊት ስሙን፣ የመለያ ቁጥሩንና ኮዱን ይጨርስ።

ሁለተኛውና ብዙ ነጥብ የሚበላው የመስመር መንሸራተት ነው። 23ኛውን ጥያቄ ዘሎ የ24ኛውን መልስ በ23 ረድፍ ያጠቆረ ልጅ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይሳሳትበታል። በየአሥሩ ጥያቄ ቆሞ የጥያቄውን ቁጥርና የረድፉን ቁጥር ያስተያይ፤ ከሦስት ሰከንድ አይበልጥም። «በመጨረሻ አንድ ላይ አጠቁራለሁ» የሚለውን ያስተዋቸው። አንዱ ክብ አምስት ሰከንድ ቢወስድ 120ው አሥር ደቂቃ ነው፤ ሰብሳቢው ደግሞ አሥር ደቂቃ አይጨምርም። እርሳሱ ኤች ቢ፣ ላጲሱ ለስላሳ ይሁን። በደንብ ያልጠፋ ክብ ሁለት መልስ ሆኖ ይነበባል።

ባዶ የሚተዉትንም ይቆጣጠሯቸው። ለስህተት ነጥብ አይቀነስም። ከ65 ውስጥ 20 ባዶ የተወ ልጅ አራት ምርጫ ባላቸው ጥያቄዎች ላይ በግምት እንኳ አምስት ያህል ሊያገኝ ይችል ነበር፤ ያም ወደ 7.7 ነጥብ ነው። 295 አምጥቶ የወደቀ ልጅ እዚያ ላይ ነው የሚቆጭ።

እኛን በኮምፒውተር ይፈትኑናል አሉን። ማውስ ነክቼ አላውቅም። (ተማሪ፣ ደጀን)

ሁለት ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት፣ ትምህርት ቤት ወይም ጸሐፊ ቤት ተቀምጠሽ ተለማመጂ፦ ክሊክ ማድረግ፣ ገጹን ወደ ታች መጎተት፣ ወደ ዘለልሽው ጥያቄ መመለስ። ሌላ የሚያስፈልግሽ ክህሎት የለም። ስሌቱን ግን ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ሥሪ፤ ስክሪን እያዩ በቃል ማስላት ስህተት ያበዛል። የመግቢያ ስምሽንና የይለፍ ቃልሽን ለማንም አታሳዪ። መብራት ቢቋረጥ ከወንበርሽ ሳትነሺ ለፈታኙ እጅ አውጪ።

ቴሌግራም ላይ «ፈተናው ወጥቷል» እያሉ ብር ይጠይቃሉ። (ተማሪ፣ ሞጣ)

ውሸት ነው፤ አትክፈል። ለዚያ የከፈልከውን ብር ፎቶ ኮፒ አድርግበት። የሚጎዳህ ብሩ ብቻ አይደለም፤ በፈተናው ዋዜማ ሌሊቱን ያንን ስትጠብቅ ማደርህ ነው።

የልጄ ስም ፋይዳ ላይና ትምህርት ቤት ላይ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ይለያያል። ችግር አለው? (አባት፣ ቡሬ)

አለው፤ ቀላል የሚሆነውም ዛሬ ካስተካከሉት ነው። «ይበልጣል»ን አንዱ በ«አይ»፣ ሌላው በ«ኢ» ይጽፈዋል። ለፈተና ሲመዘገብ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባና በኋላ ዲግሪው ሲጻፍ የሚወርደው መጀመሪያ የተመዘገበው ነው። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱን፣ ትራንስክሪፕቱንና ፋይዳውን ጎን ለጎን አድርገው የስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ፊደል አንድ በአንድ ያስተያዩ። ምዝገባው ሲካሄድ ልጁ ራሱ ስክሪኑን አይቶ ያረጋግጥ። የፆታና የስትሪም ስህተትም እዚያው ይታያል፤ ሶሻል ሆኖ ናቹራል ተብሎ የተመዘገበ ልጅ የሚፈተነው ያልተማረውን ነው።

ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ብሞላ ሕክምና አገኛለሁ? ወይስ ባሕር ዳር ይሻላል? (ተማሪ፣ ደምበጫ)

መጀመሪያ የሚመደብልህ ዩኒቨርሲቲው እንጂ ትምህርት ክፍሉ አይደለም። ፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) ኮርሶችን ትወስዳለህ፤ ከዚያ በኋላ ነው በውጤትህና በየክፍሉ ባለው ቦታ የምትለየው። ሕክምና በሁለቱም አለ። ባሕር ዳር ትልቅ ነውና የትምህርት ክፍሉ ብዛት ይሰፋልሃል፤ ግን አብሮህ የሚወዳደረውም ብዙ ነው። ለአንተ ወሳኙ የፍሬሽማን ውጤትህ ስለሆነ ተረጋግተህ የምታጠናበትን ምረጥ።

ኢንጂነሪንግና ቴክኖሎጂ የምትፈልጉ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መግቢያ ፈተና እንዳላቸው አትርሱ። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ራሱ ይፈትናል። ማስታወቂያቸው ውጤት በወጣ ሰሞን ስለሚወጣና ቀኑ አጭር ስለሆነ ገጠር የተመለሰ ልጅ ያመልጠዋል። ከተማ ያለ ዘመድ እንዲከታተል አደራ በሉት።

ምርጫ ሲሞላ ኢንተርኔት ቤት ላለው ልጅ «ሙላልኝ» ብለህ አትውጣ። ቅደም ተከተሉን ቤት በወረቀት ጻፍ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ አሞላ፣ የተላከውን ገጽ አሳትመህ ያዝ፣ የይለፍ ቃሉን ቀይር።

እህቴ 300 አልሞላላትም። አበቃ ማለት ነው? (ወንድም፣ እንጅባራ)

አላበቃም። የትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ ያወጣል፤ ከደረሰች ዩኒቨርሲቲ ገብታ አራት ወር ያህል ትማራለች። እንግሊዝኛና ሒሳብ የሁሉም ናቸው፤ ናቹራል ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ ሶሻል ጂኦግራፊና ታሪክ ይጨምራል። 30 በመቶው ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ምዘና፣ 70 በመቶው በማዕከል በሚወጣ ፈተና ነው የሚያዝ፤ 50 በመቶ ካመጣች ፍሬሽማን ትሆናለች። ብዙ ልጆች ግቢ ገባን ብለው የመጀመሪያውን ወር ያባክኑታል። አራት ወር ውስጥ አንድ ወር ሩብ ነው።

ሬሜዲያልም ካልደረሰች በግል ተመዝግባ እንደገና መፈተን ትችላለች፤ ቴክኒክና ሙያም አለ። «ማለፊያ ባታመጪም ዲግሪ እናስተምርሻለን» ለሚል ኮሌጅ ግን አንድ ብር አትክፈሉ። ሦስት አራት ዓመት ተምራ ማስረጃዋ ተቀባይነት ቢያጣ የሚመልስላት የለም።

ለፈተና ግቢ ስንገባ ምን እንያዝ? ጾሙስ? (ተማሪዎች፣ ቢቸና እና ሉማሜ)

አድሚሽን ካርድ፣ የትምህርት ቤት መታወቂያ፣ አራት የተቀረጹ እርሳሶች፣ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ። ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ ነው፤ ማርቆስም እንጅባራም ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸውና ጋቢ ጨምሩ። ስልክና ስማርት ሰዓት ቤት ይቅር፤ ፍተሻ ላይ የተገኘበት ልጅ ከፈተናው ሊታገድ ይችላል። ካርዱን ጫማ ውስጥም ሆነ ኪስ ውስጥ እንዳታጥፉት፤ በላስቲክ ሸፍናችሁ ደብተር መሃል አኑሩት።

የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ስለሚዘልቅ ፈተናው ጾም ላይ ይውላል። እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሙ ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ ያን ውሳኔ ፈተናው ጠዋት ላይ ዶርም ውስጥ አትጀምሩት። ማታ ግን በደንብ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፣ ከአራት ሰዓት በፊት ተኙ።