160 ፈረስ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ስንት ይቀራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

«ጋሼ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የብርድ ልብስና የምንጣፍ ንግድ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ደቡብ አፍሪካ ሄጄ የግል አብራሪነት ፈቃድ አውጥቻለሁ፤ እስካሁን 58 ሰዓት በርሬአለሁ። ሕልሜ ሲረስ ኤስአር22 ነው፤ ያ አውሮፕላኑን እንዳለ ይዞ የሚወርድ ፓራሹት ያለው። በእጄ ያለው ግን ዘጠኝ ሚሊዮን ብር ነው። ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ለገና ላሊበላ መድረስ እመኛለሁ። ከከተማው ዳር አባቴ የተወልኝ የግጦሽ መሬት አለ፤ መነሻዬና ማረፊያዬ እሱ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። ምን ልግዛ? የቤተሰብ አባት፣ ከደብረ ብርሃን»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ቀናሁብህ፤ በሁለተኛው እርሳስ አነሣሁ። 27 ዓመት የትናንሽ አውሮፕላኖችን ሞተር ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ አሁን እዚሁ አንተ ከተማ የወፍጮና የውኃ መሳቢያ ሞተር እጠግናለሁ። ሕልም ያለበት ሰው ደብዳቤ ስለማያሰለቸኝ መልሱ ረዘም ቢል ቅር አይበልህ።

ሲረሱን ቶሎ እንለፈው። ባለ 310 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ያማረ ነው፤ ፓራሹቱም የእውነት ሰው አድኗል። አዲሱ ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ለስሌት ያህል ዶላሩን በ150 ብር ብንይዘው ከ120 ሚሊዮን ብር ያልፋል፤ የአንተን ገንዘብ አሥራ ሦስት ጊዜ ደራርቦም አይሞላም። ሃያ ዓመት ያገለገለው እንኳን ወደ 40 ሚሊዮን ብር ይጠጋል። ፓራሹቱ ደግሞ በየ10 ዓመቱ ወጥቶ እንደገና መታጠፍ አለበት፤ ለዚያ ብቻ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይከፈላል። ሥዕሉን ግድግዳህ ላይ ስቀለው፤ እኔም የሰቀልሁት አለኝ።

ዘጠኝ ሚሊዮኑ 60 ሺህ ዶላር ነው። በዚህ ገንዘብ አሜሪካ ውስጥ ጤነኛ ባለ ሁለት ወንበር ሴስና 150 ታገኛለህ፤ 100 ፈረስ ጉልበት ያላት፣ ስንትና ስንት አብራሪ የተማረባት ትንሽ አውሮፕላን። ሁለት ሰውና ሙሉ ነዳጅ ከያዘች ለቦርሳ እንኳን ብዙ አይተርፋትም። ባለቤትህን ይዘህ ስትሄድ ልጆቹ ከአያታቸው ጋር ይቀራሉ ማለት ነው። አራት ወንበር ያላት የ1970ዎቹ ሴስና 172 (እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው) ጤናዋ የተጠበቀ ከሆነ 80 ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ትጠየቅባታለች። እሷም ብትሆን ነዳጇን ሞልተህ አራት ሰው ስትጭን ለእያንዳንዱ ሰው 70 ኪሎ ያህል ብቻ ይደርሰዋል፤ ለላሊበላ የሚሆን ጋቢ የምታስቀምጥበት ኪሎ የለም።

ትልቁን ነገር ግን ደብዳቤህ አላነሣውም፤ የቆምህበትን መሬት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ብላለች። ፋብሪካው የ172ን ሞተር 160 ፈረስ ብሎ የሚጽፈው ግን ባሕር ዳርቻ ባለው ወፍራም አየር ለክቶ ነው። በእኛ ከፍታ የአውሮፕላኗ መመሪያ መጽሐፍ የሚጠብቀው የአየር ሙቀት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ነው። የመጋቢት እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ 20 ሲደርስ ልዩነቱ 23 ዲግሪ ይሆናል። ለአንዱ ዲግሪ 36 ሜትር ያህል ጨምርበት፤ 830 ሜትር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ ሞተሩም፣ ክንፉም፣ ፕሮፔለሩም ከ3,600 ሜትር በላይ የወጡ ያህል ነው የሚሠሩት። ተርቦ የሚባለው አየር ማጎረሻ የሌለው 160 ፈረስ እዚያ ላይ ወደ 105 ይወርዳል። ሃምሳ አምስቱ ፈረስ ሽቅብ ሲወጣ መንገድ ላይ ቀረ በለው።

ይህ በወረቀት ላይ ያለ ነገር እንዳይመስልህ ወደ አባትህ መሬት ልውሰድህ። ከ172ዎቹ አንዷ፣ 172 ኤን የምትባለዋ፣ ሙሉ ጭና ከባሕር ወለል ስትነሣ በደቂቃ 235 ሜትር ትወጣለች። በዚያ የመጋቢት ቀትር ደብረ ብርሃን ላይ ግን በደቂቃ 60 ሜትር ብትወጣ ነው፤ በዚያው ደቂቃ ወደፊት ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳለች። ከመሬትህ ጫፍ ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ባሕር ዛፍ ቆሟል እንበል። እዚያ ስትደርስ የወጣኸው 12 ሜትር ነው። ባሕር ዛፉ ሃያ ነው። በዚያ ላይ ቀጭን አየር ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው የተለመደውን ቁጥር እያሳየህ ጎማው መሬቱን በሃያ ከመቶ ያህል ፈጥኖ ይረግጣል፤ ሣሩ ደግሞ ይይዘዋል። የሰፈሩን በጎችና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ገና አላነሣሁም። መሬቱን ገብስ ዝራበት።

«እንግዲያው ሸዋ ሮቢት ላድርገዋ» ትለኝ ይሆናል፤ 1,280 ሜትር ላይ ናትና ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ቆላውም በነፃ አይሰጥም፤ 32 ዲግሪ በሆነ ቀን አየሩ የ2,200 ሜትር አየር ይሆናል፣ ሞተሩም ወደ 125 ፈረስ ይወርዳል። ያም ሆኖ በደቂቃ 130 ሜትር ያህል ትወጣለች፤ ከደብረ ብርሃኑ ከእጥፍ ይበልጣል። ከዚያ ተነሥተህ ወደ ምዕራብ ስታይ ግን የጣርማ በር ገደል ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ከሰዓት በኋላ ከቆላ የሚነሣው ነፋስ ገደሉን ተደግፎ ሲወጣ፣ ጉሙ ደብረ ሲናን ሲሸፍን፣ ጆፌ አሞራው ክንፉን ሳያንቀሳቅስ በላይህ ሲያልፍ አይተህ ታውቃለህ። አሞራው ያን ነፋስ የሚያነበው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ አንተ 58 ሰዓትህን ይዘህ ነው የምትገባበት።

ላሊበላ በቀጥታ መስመር ከ260 ኪሎ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በ172 ከአንድ ሰዓት ከሩብ አይበልጥም። ሕልምህ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው፤ በመኪና የሚፈጀውን እናውቀዋለን። ሆኖም በመሐሉ የመንዝ ጓሳ አለ፤ እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በላዩ በደህና ርቀት ለማለፍ ከ4,000 በላይ መውጣት ይኖርብሃል። ለዚያች አውሮፕላን በመጽሐፉ የተጻፈላት የመጨረሻ ከፍታ 4,300 ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም በቀዝቃዛ ቀን። የአሜሪካኖቹ ደንብ ደግሞ ከ3,800 ሜትር በላይ ከግማሽ ሰዓት የበለጠ የሚቆይ አብራሪ ኦክስጅን ይጠቀም ይላል። የመንዝ ተወላጅ ኦክስጅን ያስፈልገዋል ብል አጎቴ ከመቃብር ተነሥቶ ይስቅብኛል፤ ደንብ ግን ደንብ ነው።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ሰው የአውሮፕላን ዋጋ ሲጠይቅ የግዢውን ብቻ ይጠይቃል። በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ የገብሱን ያስባል። የ172 ገብስ በሰዓት ወደ 32 ሊትር የአቪዬሽን ቤንዚን ነው፤ ጄቶቹ የሚቀዱት ነዳጅ ለእሷ አይሆናትም፣ የእሷ ቤንዚን ደግሞ በየአውሮፕላን ማረፊያው አይገኝም። በአሜሪካ ዋጋ እንኳ ብናሰላው ነዳጁ በሰዓት 54 ዶላር ያህል ነው። ሞተሩ በ2,000 ሰዓት ኦቨርሆል፣ ማለትም ተፈትቶ ሙሉ እድሳት፣ ይጠይቃል፤ ለእሱ በየሰዓቱ 20 ዶላር አስቀምጥ። ዓመታዊ ምርመራውን፣ ኢንሹራንሱንና የማቆሚያ ኪራዩን በአንድ ላይ 7,000 ዶላር እንበለው፤ እነዚህ ብትበርርም ባትበርርም ይከፈላሉ። በዓመት 50 ሰዓት ከበረርህ አንዱ ሰዓት 214 ዶላር ይመጣብሃል። 100 ሰዓት ከበረርህ ወደ 144 ይወርዳል። አንተ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥልጠናህን ጨምሮ 58 ሰዓት የበረርህ ሰው ነህ። የራስህን ከምታቆም ብትከራይ ይረክስሃል ማለቴ ነው።

መኪና ቆማ ባትሪዋ ይሞታል፤ አውሮፕላን ቆማ ግን ሆዷ ይዝጋል። ላይካሚንግ በሚባሉት፣ የ172ም በሆኑት ሞተሮች ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ከላይ ነው የተቀመጠው፤ ወራት ስትቆም ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ይወርድና ብረቱ ራቁቱን ይቀራል። አንድ ደንበኛዬ ከባሕር አጠገብ ስድስት ዓመት የቆመች አውሮፕላን ሳያይ ገዛ። ሻጩን ስለ ሞተሩ ሰዓት ቢጠይቀው ስለ አዲሱ ቀለም ነገረው፤ ስለ ዝገት ቢጠይቀው ስለ ሬዲዮዋ አወራው። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ የሚባለው እንዲህ ላለው ሻጭ ነው። ሲሊንደሩን ሳወጣ የካሙ ጥርስ ብል እንደ በላው እንጨት ተቦርቡሮ አገኘሁት። ለሞተሩ የወጣው ወጪ የአውሮፕላኗን ዋጋ ግማሽ አለፈ። ስለዚህ ቀለም አትይ፤ መዝገቧን አንብብ፣ ሲሊንደሩን የሚፈትሽልህ የራስህን መካኒክ ይዘህ ሂድ።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልህ፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ዘንድሮ ምንም አልገዛም። ከገንዘቡ ጥቂቱን ወስጄ በተራራ አገር ከሚያበር አስተማሪ ጋር ሠላሳና አርባ ሰዓት እከራይበታለሁ። በጎን እንደ አንተ ያሉ ሦስት ሰዎች እፈልጋለሁ። አራት ሰው ዘጠኝ ዘጠኝ ሚሊዮን ሲያዋጣ 36 ሚሊዮን ወይም 240 ሺህ ዶላር ይሆናል። ይህ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ 235 ፈረስ ያላት ተርቦ ሴስና 182 የሚያስብ ገንዘብ ነው፤ ለማጓጓዣና ለመጀመሪያው ዓመት ወጪም ይተርፈው ይሆናል። ተርቦ ማለት በጭስ ማውጫው ኃይል አየር እየጠቀጠቀ ለሞተሩ የሚያጎርስ ማለት ነው፤ ፈረሶቿ ሽቅብ ሲወጡ መንገድ ላይ አይቀሩም። ለደጋ ሰው ከቆዳ ወንበርና ከሚያበራ ስክሪን በፊት የሚገዛው እሱ ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ግን የምትመዘገብበትን ሁኔታ፣ ኢቲ የሚለውን የኢትዮጵያ አውሮፕላን መለያ ምልክት ለማግኘት የሚጠየቀውን ሁሉ ከባለሥልጣኑ በጽሑፍ ተቀበሉ። በአራቱ መካከል ያለውንም ውል በጽሑፍ አድርጉት። ለገና ሁላችሁም ላሊበላ መሄድ ትፈልጋላችሁና።

«የብረት በር ብየዳ ሠራተኛ ነኝ። መግዛት ካልተቻለ ራሴ ብሠራው ምን ይለኛል? ከመሐል ሜዳ»

ምንም አልልህም፤ ፀሐይ የተባለችው ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን እዚሁ አዲስ አበባ የተሠራችው በ1935 እ.ኤ.አ. ነው። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በ2024 እ.ኤ.አ. አገሯ ገብታለች። ሆኖም መሐንዲሷ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ባለሙያ እንጂ ሞካሪ አልነበረም። ዛሬ በዓለም ላይ ሰው በጓሮው ሠርቶ የሚያበራቸው ብዙዎቹ በኪት፣ ማለትም ተቆራርጦ በተዘጋጀ የመገጣጠሚያ ዕቃ፣ የሚመጡ ናቸው፤ ቫንስ የሚባለው ፋብሪካ የሚያወጣቸው አርቪ የተባሉት አውሮፕላኖች ብቻ ከ11,000 በላይ ተገጣጥመው በርረዋል። ኪት ሲባል ግን የበር ፍሬም አይደለም። አሉሚኒየሙ አይበየድም፤ ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ በሺህ የሚቆጠር ሪቬት (ጭንቅላት ያለው ሚስማር) አንድ በአንድ ይመታል። በትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው 2,000 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሞተሩን ከየትም አሮጌ መኪና አታውጣ። ለእናንተ ከፍታ የተሠራ የሚመስለው ሮታክስ 915 ነው፤ 141 ፈረሱን እስከ 4,500 ሜትር ሳይቀንስ ይዞ ይወጣል፣ የመኪና ቤንዚንም ይጠጣል። ዋጋው ግን ለብቻው ከ40 ሺህ ዶላር ያልፋል። መጀመሪያ ሪቬት መምታት ልመድ፤ ለዚያ የሚያስፈልግህ ቁራጭ ላሜራ ብቻ ነው።

«የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሀብታም አባት የሌላት ልጅ አብራሪ መሆን ትችላለች? ደግሞስ ጋሼ፣ የእርስዎ የራስዎ ሕልም አውሮፕላን የትኛው ነው? ከደብረ ሲና»

ትችላለች፣ ልጄ። የግል ፈቃድ በ17 ዓመት ይወጣል፤ ቢያንስ 40 ሰዓት መብረርና የጤና ምርመራ ይጠይቃል፣ በተግባር ግን ብዙ ሰው 60 ሰዓት ይደርሳል። ወጪውን ከኪስ መክፈል ላንቺ ከባድ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሠልጣኝ ማስታወቂያ ሲያወጣ ተከታተይ። የአብራሪው በር ቢዘጋ የጥገናው አለ፤ እኔ የገባሁት በዚያ ነው። በጓሮ በር ገባህ ያለኝ የለም።

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በ1977ቱ ድርቅ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ራቤል አካባቢ ባለ አራት ሞተሩ ሄርኩለስ ሜዳውን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ ብሎ እህል ሲጥል ከጉብታ ላይ ሆኜ አየሁ። ሰው ሁሉ ጆንያውን ሲያይ እኔ ፕሮፔለሩን አይ ነበር። ነገር ግን የወደድሁት ያን ግዙፍ አይደለም። በኋላ በሥራዬ ያገኘኋት ሴስና 180 ናት፤ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራች፣ ጭራዋ ላይ በትንሽ ጎማ የምትቀመጥ፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ የምትቆም። አንዷን አሥራ አንድ ዓመት ጠገንኋት። ዛሬ ጤነኛዋ ከ100 ሺህ ዶላር በታች አትገኝም፤ የወፍጮ ጥገና ያን አያመጣም። ከእሷ የተረፈኝ አንድ የተቃጠለ ፒስተን ነው። ጠረጴዛዬ ላይ ገልብጬው እርሳሴን አስቀምጥበታለሁ።