ወረቀት ሳትይዙ ቀለም አትግዙ

ሰላም እህቴ። "የድሮውን ትምህርት ቤት የባህል ማዕከል እንድናደርገው በቃል ተፈቅዶልናል፣ እድሳቱን እንጀምር ወይ?" ብለሽ ጠይቀሻል። አትጀምሩ። እኛ አቃቂ በኩል ይህንኑ አድርገን ነው የተቃጠልነው።

1. ወረቀት። መሬቱም ሕንፃውም የመንግሥት ነው። በቃል የተባለ ነገር ሰው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ለእኛ የፈቀዱልን ኃላፊ ጥሩ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቹ ወደ አዲሱ ፎቅ ሲዛወሩ ቁልፉን በእጃችን ሰጡን። በማግስቱ ቀለም ገዛን። ከእድሩ 40 ሺህ፣ ከወጣቶቹ መዋጮ 46 ሺህ፣ በድምሩ 86 ሺህ ብር ሁለት ክፍል ላይ አፈሰስን። በአራተኛው ወር ኃላፊው ተነሱ። የተተኩት ደግሞ "መጋዘን ሊሆን ነው፣ ልቀቁ" አሉን።

ያን ቀን አልረሳውም። የእድራችን ሰብሳቢ ሰባ አልፏቸዋል። ቢሮው ውስጥ ሦስት ባዶ ወንበር እያለ "ይቀመጡ" የሚል ጠፋ። "ማን ፈቅዶላችሁ ነው የመንግሥት ግድግዳ የነካችሁት?" ተባልን። ጋሼ አንድ ቃል አልመለሱም። ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወጡ። እኔ ግን አልተውኩትም። ዘጠኝ ወር ተመላለስኩ። "ስብሰባ ላይ ናቸው"፣ "ሰኞ ተመለስ"፣ "ደብዳቤህ አልደረሰንም"። ደርሷል! ግን ገቢ የተደረገበት ቁጥር አልያዝኩም ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤሽን መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥርና ማህተም ያለበትን ኮፒ ያዢ። ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ይሁን። የትኛው ብሎክ፣ ስንት ክፍል፣ ስንት በርና መስኮት፣ ለስንት ዓመት፣ ሁሉም ይጻፍ። የመብራት ቆጣሪውንም አትርሺ። እኛ የማናውቀውን ውዝፍ ነው የከፈልነው። ማኅበር ሆናችሁ የምትረከቡ ከሆነ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት ተመዝገቡ፤ ያለ ሕጋዊ ሰውነት ማንም አይፈርምላችሁም። የአገልግሎት ለውጥ ፈቃዱንም አብራችሁ ጠይቁ።

2. ግድግዳ። የእኛ ሰፈር አፈር መረሬ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይሄዳል። በጋ ላይ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍነን ቀባነው። ሐምሌ ላይ ያው ስንጥቅ ተከፈተ፤ ጣቴ ይገባበት ነበር። መጀመሪያ አሸንዳና ቦይ መሥራት ነበረብን። ሁለት ክፍል አንድ አዳራሽ ለማድረግም መሀል ግድግዳውን መሐንዲስ ሳያየው አትንኩ። ጣሪያውን የተሸከመው እሱ ሊሆን ይችላል።

ቆርቆሮው ባዶ ከሆነ ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ክራር አይሰማም። ኮርኒስ አስገቡ። ጥቁር ሰሌዳውን ግን አታንሱት። እኛ ጋ እሁድ እሁድ ልጆቹ የመሰንቆ ትምህርታቸውን እሱ ላይ ነው የሚጽፉት። አዎ፣ በመጨረሻ አግኝተነዋል፣ በተፈረመ ወረቀት። ቁልፉም ጋሼ ኪስ ተመልሷል።

የቃለ ጉባኤያችንን ቅጂ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የሕንፃውን ዝርዝር በራሳችሁ ቀይሩት።