«ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት፦ የአንባቢያን የኮምፒውተር ጥያቄዎች

ለዚህ እትም ከመረጥናቸው ደብዳቤዎች አንዳንዶቹ «ጥገና ቤት ስወስደው ፎርማት ይደረግ አሉኝ» የሚል ነገር አለባቸው። ፎርማት የሚሉት ዲስኩን አጽድቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫንን ነው። የግድግዳ ሶኬት አያስተካክልም፤ ያለቀ ባትሪም አያድስም። ፋይልዎን ከማጣትዎ በፊት እነዚህን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ቤታችን አራት ኪሎ ያለ የድሮ የጭቃ ቤት ነው። የሲፒዩውን ብረት በባዶ እግሬ ቆሜ ስነካው ይነዝረኛል። በቅርቡ ደግሞ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር ሳገናኝ ብልጭ አለና ከዚያ ወዲህ ምስል የለም። ባለሙያው «ድራይቨሩ ጠፍቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ብሎኛል።

መልስ፦ ድራይቨር ሶፍትዌር ነው፤ ብልጭ አይልም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩን ሲያበሩ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣውን የአምራቹን ምልክት ይጠብቁ። በዚያ ሰዓት የዊንዶውስ ድራይቨር ገና አልተጫነም። ምልክቱ በኤችዲኤምአይ ካልታየ፣ በቪጂኤ ወይም በሌላ መውጫ ግን ከታየ፣ የተቃጠለው መውጫው ነው። የቴሌቪዥኑንም ወገን በዲኮደር ወይም በሌላ ዕቃ ይሞክሩት፤ አንዳንዴ የሚሄደው የእሱ ነው።

መንስኤው ኧርዝ የሚባለው የመሬት መስመር አለመኖሩ ይመስለናል። በፓወር ሰፕላዩ መግቢያ ላይ የመስመር ረብሻን የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። አንዱ ከፌዝ (ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ይነሳል፤ ሁለቱም የሚያርፉት ኬዙ፣ ማለትም የሳጥኑ ብረት ላይ ነው። ኧርዝ ካለ በእነሱ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ኤሌክትሪክ መሬት ይገባል። ከሌለ ብረቱ መሃል ላይ ይቀርና የ220 ቮልቱን ግማሽ ይይዛል። ኃይሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፒር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ ሰው አይጥልም። የኤችዲኤምአይ ቺፕ ግን የሚሠራው በ5 ቮልትና ከዚያ በታች ነው፤ ይህን አይችልም። ቴሌቪዥኑ በዲሽ ገመዱ በኩል ጣሪያ ላይ ካለ ብረት ጋር ከተያያዘ፣ ልዩነቱ በሙሉ ገመዱ በተነካበት ቅጽበት ይለቀቃል።

ቴስተር በዚህ ጉዳይ አይታመንም፤ ለትንሹም ለትልቁም ይበራል። መልቲሜትር በኤሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ ኬዙ ላይ፣ ሌላውን እርጥብ መሬት ውስጥ በተተከለ ብረት ላይ ያሳርፉ። 110 አካባቢ ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ ነገሩ ከላይ ያልነው ነው። ወደ 200 ከተጠጋ ግን ፌዙ ራሱ ብረቱን ነክቷል ማለት ነው፤ ይንቀሉት፣ እስኪሠራም አይሰኩት።

መፍትሔው ኤሌክትሪሺያን 1.5 ሜትር ያህል የሆነ የመዳብ ዘንግ እርጥበት ባለው ቦታ ተክሎ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦውን እስከ ሶኬቱ ድረስ እንዲያመጣ ማድረግ ነው። የግድግዳው ሶኬት የኧርዝ መቆንጠጫ ስላለው ብቻ አይተማመኑ፤ በድሮ ቤቶች ከጀርባው ሽቦ የሌለው ብዙ ነው። «ኧርዙን ከኒውትራል ጋር ላገናኘው» የሚል ካለ እምቢ ይበሉ፤ ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ ኬዙ 220 ቮልት ይሸከማል። የውሃ ቧንቧም አይሆንም፤ መሃል ላይ ፕላስቲክ ይኖረዋል። እስከዚያው ኮምፒውተሩንና ቴሌቪዥኑን አንድ ዲቫይደር ላይ ያድርጉ። የምስል ገመድ ሲያገናኙ ዲቫይደሩን ከግድግዳ፣ የዲሹንም ገመድ ከዲኮደሩ ነቅለው ይሁን።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። እናቴ እንጀራ መጋገር ስትጀምር ኮምፒውተሬ ጠፍቶ ይነሳል። 650 ቪኤ ዩፒኤስ አለኝ፤ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ይጮኻል፣ ግን አያድነኝም። መብራት ሲሄድም 2 ደቂቃ አይቆይም። እዚህም ፎርማት ተብያለሁ።

መልስ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ከአንድ መስመር ወደ 15 አምፒር ማለት ነው። ሽቦው ባለ 1.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ሆኖ 30 ሜትር ቢሄድ፣ በሽቦው ብቻ 10 ቮልት ገደማ ይወድቃል። በዚያ ላይ የላላ መጋጠሚያና የጎረቤት ምጣድ ይጨመራል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ዩፒኤሱ የወረደውን ቮልቴጅ ከፍ ለማድረግ ሪሌዎቹን ሲቀያይር ነው፤ ብልሽት አይደለም። ከአቅሙ በታች ሲወርድበት ወደ ባትሪ ይዞራል፤ የሚጮኸው ያኔ ነው።

ጥፋተኛው ዩፒኤሱ ይሁን ፓወር ሰፕላዩ ለመለየት ኮምፒውተሩን ንቀሉና ሁለት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች ዩፒኤሱ ላይ ይሰኩ። ከዚያ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ይንቀሉት። አምፖሎቹ ወዲያው ከጠፉ ወይም ደቂቃ ሳይሞላ ከደከሙ ባትሪው አልቋል። ሳይጠፉ ከቀጠሉ ግን ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው። ዩፒኤሱ ወደ ባትሪ እስኪዞር ጥቂት ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ያቺን ክፍተት በካፓሲተሩ ውስጥ ባለው ክምችት ይሻገራታል፣ ካፓሲተሩ የደረቀበት ግን አይችልም። በእርስዎ ሁኔታ 2 ደቂቃ የሚለው ባትሪውን ያስጠረጥራል፤ ምጣድ ሲበራ መጥፋቱ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

በዚህ መጠን ዩፒኤስ ውስጥ በብዛት የሚገኘው 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ ነው፤ ርዝመቱ 15.1፣ ወርዱ 6.5 ሴንቲሜትር። በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ግን በፍጥነት ሲሳብበት ግማሹን እንኳ አይሰጥም። ስለዚህ 120 ዋት ለሚበላ ኮምፒውተር አዲስ ባትሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢቆይ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ የሚሉዎትን አይመኑ። ሲገዙ መልቲሜትር ይዘው ይሂዱ። ከ12.6 ቮልት በላይ ከሆነ ይውሰዱ፤ ከ12.2 በታች ከሆነ መጋዘን ውስጥ ሳይሞላ ከርሟል፣ በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ክሪስታል ሠርቶ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ሲቀይሩ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅለው ቀዩን ከፕላስ፣ ጥቁሩን ከማይነስ ያገናኙ። ከዚያ አንድ ሌሊት ሙሉ ይሙሉት።

ባትሪውን ቶሎ የሚገድለው እስከ መጨረሻው ጠብታ መጠቀም ነው። መብራት ሲሄድ ሥራዎን ሴቭ አድርገው ኮምፒውተሩን ያጥፉ፤ ፊልሙ ይቆይ። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ በጭራሽ አይሰኩ፤ ወረቀቱን የሚያሞቀው ክፍሉ ብቻውን ከዩፒኤሱ አቅም በላይ ይስባል። ምጣዱ ደግሞ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ብሬከርና ቢያንስ ባለ 4 ሚሊሜትር ስኩዌር ሽቦ ይኑረው።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የኮምፒውተሬ ቀን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኢሜይሌም «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፍት ይለኛል። ቫይረስ ነው ተብያለሁ። (ከስታዲየም አካባቢ)

መልስ፦ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ አልቃለች። ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱን የሚያስኬደው ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ ስለዚህ የባትሪዋ ማለቅ የሚታወቀው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፊኬታቸው የሚጸናበት ቀን የተወሰነ ነው፤ ኮምፒውተሩ 2009 ላይ ነኝ ካለ ሰርተፊኬቱ ገና እንዳልተወለደ ይቆጥረዋል።

ቁጥሯ ሲአር 2032 ነው፣ 3 ቮልት። ከመቀየርዎ በፊት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ገጾቹን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ የዲስኩ አሠራር ኤኤችሲአይ ይሁን ሬይድ የሚለውን። ይህ ከተለወጠ ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ አልነሳም ይላል፣ ያኔም እንደገና «ፎርማት» ይባላሉ። ፕላስ የሚል ምልክት ያለበትን ወገን ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ።

ሰዓቱን ሲሞሉ ሁለት የእኛ ወጥመዶች አሉ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ያስገባ ያው ስህተት ይገጥመዋል፤ በፈረንጆቹ ነው የሚሞላው። ከጠዋቱ 4 ሰዓትም 10፡00 ነው። የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ይምረጡ፤ በዊንዶውስ ዝርዝር የእኛ ሰዓት የሚገኘው በዚያ ስም ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሪንት አስደርጌ ስመለስ ፍላሼ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆኑ።

መልስ፦ ፋይሎቹ አሉ፣ ተደብቀው ነው። ሾርትከቱን አይክፈቱ፤ ቫይረሱን የሚያስነሳው እሱ ነው። በፎልደር አማራጮች ውስጥ «የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ» የሚለውን ያብሩ፣ «የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ» የሚለውን ያጥፉ። ደብዘዝ ብለው የሚመጡትን ፎልደሮች፣ ስም አልባ የሆነም ካለ እሱን፣ ገብተው ይዩ። ሰነድና ፎቶዎን ብቻ ኮፒ ያድርጉ፤ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት። በዚህ አምድ ፎርማትን የምንመክረው እዚህ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩንም በአንቲቫይረስ ይፈትሹ፤ አለበለዚያ ፍላሹ ነገ ያው ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ይላኩላቸው።

ጥያቄ፦ የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ነው። በአዲሱ ላፕቶፕ ስከፍተው የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆነ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው? (ከፒያሳ)

መልስ፦ አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር ወደሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች ግን የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የሚስሉ ነበሩ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ጽሑፉ ላይ ጠቅ ያድርጉና በዎርድ የፎንት ሳጥን ውስጥ ያለውን ስም ያንብቡ፤ ፎንቱ ባይኖርም ስሙ ይታያል። ያንኑ ፎንት ከድሮው ኮምፒውተር አምጥተው ይጫኑ። አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት የፎንት ፋይሎች ስለሚከፋፍሉት፣ የጎደለ ፊደል ካዩ ቀሪውንም ይፈልጉ።

ከመክፈትዎ በፊት ዎርድ ላይ የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን ትልቅ ፊደል የሚያደርገውን ራስ አራሚ ያጥፉ። ትንሹን የላቲን ፊደል ወደ ትልቁ ሲቀይረው በእኛ ወገን ሌላ ፊደል ይሆናል፤ ደንቡን ሲያርሙ እያንዳንዱ አንቀጽ በስህተት ፊደል ሲጀምር ያዩታል። በትክክል ከታየ ወዲያው ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ፎንቱ አብሮ ስለሚገባ የትም ይነበባል። ደንቡ ገና የሚሻሻል ከሆነ ግን ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩት። መቀየሪያ ሶፍትዌር ካገኙ ውጤቱን ከፒዲኤፉ ጋር ጎን ለጎን ያመሳክሩ፤ ቁጥሮችንና ዲቃላ ፊደላትን፣ ለምሳሌ «ሏ»ን እና «ቷ»ን፣ ቀድመው ይዩ።