መልስ፦ ሰደድ እሳትን የሚያስነሣው ምንድን ነው?

«ሰደድ እሳት በሙቀት ብቻ ይነሣል ወይ፣ ጉዳቱስ ምንድን ነው?» ላሉት ጥያቄ፣ ሙቀትና ድርቀት ሣሩን ለእሳት ያመቻቹታል እንጂ አይለኩሱትም። መብረቅ ሊለኩሰው ቢችልም በደጋማው አገራችን መነሻው አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው፤ በባሌ ተራሮች ለምሳሌ እረኞች ለከብቶቻቸው ለጋ ሣር እንዲበቅል ብለው አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ያቃጥላሉ፤ ማር ቆራጭ ለማጨሻ የያዘው ችቦም እንዲሁ ሊያመልጥ ይችላል። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣው እሳት በገደሉ ላይ ስለተዛመተና በእግር ለመድረስ አስቸጋሪ ስለነበር፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። አስታ ግንዱ ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አፈሩ ነው። ሽፋኑን ያጣ ዳገት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመታው አመዱና ለም አፈሩ አብረው ታጥበው ወንዝ ይገባሉ፤ ወደ መሬት ሰርጎ ምንጭ ይሆን የነበረው ውኃም ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል።