ካርቶኑን ትተው የስፒከሩን ጀርባ ይዩ

ከፍኖተ ሰላም አንድ መምህር ጽፈውልኛል። ቤታቸው አንድ ዴስክቶፕ አለ። እሳቸው መዝሙርና ፊልም ይከታተሉበታል፣ ልጆቹ ደግሞ ጌም ይጫወቱበታል። አሁን ድምፁ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ፣ 5.1 የሚባለውን ስፒከር መግዛት ፈልገዋል። ሱቅ ጠይቀው «ኮምፒውተርዎ ከኋላ ያለው ሦስት ቀዳዳ ብቻ ነው፣ አይሠራም፣ መጀመሪያ ሳውንድ ካርድ ይግዙ» ተብለዋል፤ ሳውንድ ካርድ ኮምፒውተሩ ላይ የሚጨመር የድምፅ ክፍል ነው። በዚያ ላይ አሁን ያሉት ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች እርርር ማለት አላቆም ብለዋል። የቱን ስፒከር፣ የቱን ሳውንድ ካርድ ልግዛ ነው ጥያቄያቸው።

መምህር፣ ሳውንድ ካርዱን ለጊዜው ይርሱት።

ሦስቱ ቀዳዳዎች ሮዝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ናቸው አይደል? እንደተለመደው ከሆነ አረንጓዴው ለስፒከር፣ ሮዙ ለማይክ፣ ሰማያዊው ከሌላ ዕቃ ድምፅ ለማስገባት ነው። ነገር ግን አብዛኛው ማዘርቦርድ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለው የድምፅ ቺፕ የቀዳዳዎቹን ሥራ መቀየር ይችላል። አረንጓዴው የፊቶቹን ሁለት ስፒከሮች እንደያዘ ይቀጥላል፣ ሰማያዊው የኋላዎቹን ይወስዳል፣ ሮዙ የመሃሉንና ሳብዉፈሩን፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ ስፒከሩን። ስድስት ድምፅ በሦስት ቀዳዳ ወጣ ማለት ነው። ማይክ ካስፈለገ ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ይሰኩታል። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ከሚሸጡት ኮምፒውተሮች ግን ይህን የማይፈቅዱ አሉ። ስለዚህ የማዘርቦርዱን ሞዴል ኢንተርኔት ላይ ፈልገው የድምፅ ክፍሉ ስንት ቻናል (ለየብቻው የሚወጣ ድምፅ) እንደሚል ያረጋግጡ። 6 ወይም 8 ካለ ጥሩ ነው።

ሰው የሚሳሳተው ድራይቨሩ ላይ፣ ማለትም የድምፅ ቺፑን ከዊንዶውስ ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም ላይ ነው። ዊንዶውስ ራሱ የሚጭነው ድራይቨር ድምፅ ያወጣል እንጂ ቀዳዳ መቀያየሪያውን ብዙ ጊዜ አያመጣም። ሰውየው ሦስቱንም ኬብል ሰክቶ የፊቶቹ ብቻ ሲጮሁ «ካርድ ያስፈልገዋል» ብሎ ይደመድማል። ከማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር፣ አብዛኛውን ጊዜ ሪልቴክ የሚባለው ነው፣ አውርደው ይጫኑ። ከዚያ ኬብል በሰኩ ቁጥር «ምን ሰኩ?» ብሎ ይጠይቅዎታል። ቀጥሎ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ሳውንድ የሚለውን ይክፈቱ፣ ስፒከርስ ላይ ኮንፊገር ይበሉ፣ 5.1 ይምረጡና ቴስት ይጫኑ። ድምፁ ስፒከሮቹን በየተራ ይዞራል። የመሃሉ ተራ ሲደርስ ሳብዉፈሩ ጉም ካለ አይደንግጡ፣ ሁለቱ ተገላብጠው ነው። እዚያው ሪልቴክ ውስጥ የሚያቀያይራቸው ምልክት አለ።

ወደ ስፒከሩ ልምጣ፤ ገንዘብ የሚበላሸው እዚህ ነው። 5.1 ማለት ፊት ሁለት፣ መሃል አንድ፣ ከኋላ ሁለት፣ ነጥብ አንዷ ደግሞ ሳብዉፈሩ። ሱቅ ውስጥ አምስት ትንንሽና አንድ ትልቅ ስፒከር የያዘ ካርቶን ሁሉ 5.1 ይባላል። የሳብዉፈሩን ጀርባ ያዙሩና የማስገቢያ ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። ለኮምፒውተር የሚሆኑ ሦስት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ወይም ስድስት ክብ ማስገቢያዎች ካሉት እውነተኛ ነው። ያለው ቀይና ነጭ ብቻ ከሆነ ግን የሚቀበለው ሁለት ድምፅ ነው፣ እሱኑ ለአምስቱ ያባዛዋል። ፊልም ላይ መኪናው ከኋላዎ ሲመጣ ከፊትም ከኋላም እኩል ይሰማዎታል። ብሉቱዝ አለው ብለው እንዳያታልሉዎት፣ በብሉቱዝ የሚሄደው ስቴሪዮ፣ ማለትም የቀኝና የግራ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ዲቪዲ ማጫወቻ ያለው የድሮ ሆም ቴአትር ርካሽ አገኘሁ ብለው ከሆነም ጀርባውን ይዩ። አብዛኞቹ አምስቱንም የሚያጮሁት የራሳቸው ዲቪዲ ሲከፈት ነው፣ ከኮምፒውተር የሚቀበሉት ሁለት ድምፅ ነው።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ደግሞ ጨርሶ አይመኑት። 10,000 ዋት ፒኤምፒኦ ይላል፤ ፒኤምፒኦ ለቅጽበት ይወጣል የሚባል የማስታወቂያ ቁጥር ነው። የቤታችን የእንጀራ ምጣድ እኮ 3500 ዋት አካባቢ ነው። እንዲያ ከሆነ ያ ፕላስቲክ ሳጥን የሦስት ምጣድ ጉልበት አለው ማለት ነው! ከጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ያንብቡ። «220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 60 ዋት» ትላለች እንበል። ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ ከ60 በላይ ድምፅ አድርጎ ሊያወጣ አይችልም፣ ሂሳቡ አለቀ። መፈለግ ያለብዎት አርኤምኤስ የሚለውን ቁጥር፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚያወጣውን ጉልበት ነው። ለ4 በ4 ክፍል ከ50 እስከ 80 ዋት አርኤምኤስ ከበቂ በላይ ነው። ለመመዘኛ ያህል፣ የሎጂቴክ ዜድ 506 ሞዴል 75 ዋት አርኤምኤስ ነው፣ ከኮምፒውተር በሦስት ኬብል ይቀበላል። ወረቀቷ ላይ 110 ቮልት ብቻ ካለች ደግሞ ከውጭ አገር የመጣ ነውና እንዳይሰኩት፣ ያቃጥሉታል።

ግን መምህር፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ብዙውን ሰዓት የሚሰሙት ምንድነው? መዝሙርና ዘፈን ከሆነ የተቀዳው በስቴሪዮ ነው። ዩቲዩብም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው። ስልክ ለስልክ የሚዞረው ፊልም ፋይሉ እንዲያንስ ተብሎ ብዙ ጊዜ ወደ ስቴሪዮ ወርዷል። ፊልምዎን ቪኤልሲ በሚባለው ማጫወቻ ይክፈቱ፣ ኮንትሮልና ጄ ይጫኑና ቻናልስ የሚለው መስመር ላይ ያለውን ያንብቡ። ስቴሪዮ ካለ ስድስት ስፒከር ቢደረድሩም ውስጡ ያለው ሁለት ድምፅ ነው። 3 ኤፍ 2 አር የሚል ነገር ካዩ ፊት ሦስት፣ ኋላ ሁለት ማለት ነው፣ እሱ እውነተኛው ነው። አሥር ፊልም እንዲህ ፈትሸው ዘጠኙ ስቴሪዮ ከሆኑ እኔ በርስዎ ቦታ ብሆን በዚያው ብር ደህና 2.1 እገዛ ነበር። ሁለት የእንጨት ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር ያለው ማለቴ ነው። በርካሽ 5.1 በገና ሰምተው ያውቃሉ? የአውታሮቹ ነዘር ነዘር ማለት ጠፍቶ ሳጥኑ ብቻ ይጎረናል። ልጆቹ ጌም ላይ ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል። ጌም አምስቱንም በደንብ ይጠቀምባቸዋል፣ እነሱ አያመሰግኑዎትም ብዬ አልከራከርም።

እርርር የሚለውን እንፈትሽ። ስፒከሩ እንደበራ ኬብሉን ከኮምፒውተሩ ይንቀሉ። ድምፁ ካልጠፋ ችግሩ ስፒከሩ ውስጥ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ካፓሲተር ነው፣ ባለሙያ ይቀይረዋል። ከጠፋ ብዙ ጊዜ የኤርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የኤሌክትሪክ መስመር) ነገር ነው። ኮምፒውተሩንና ስፒከሩን ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩና ይዩ። የኮምፒውተሩ ብረት እጅዎን ነዘር የሚያደርግዎ ከሆነ ግን ሶኬቱ ኤርዝ የለውም፤ ስለ ስፒከር ማሰቡን ትተው ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። እርርታውን አጠፋለሁ ብሎ የኤርዙን እግር የሚቆርጥ አለ፣ እንዳያስነኩት።

ማውስ ሲያንቀሳቅሱ ወይም ፋይል ሲገለብጡ አብሮ የሚቀያየር ጭርጭርታ ካለ ደግሞ ማዘርቦርዱ ራሱ ነው የሚረብሸው። ሳውንድ ካርድ ገንዘቡን የሚያወጣው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ቀዳዳው ከተሰበረ ወይም ማዘርቦርዱ 2 ቻናል ብቻ ከሆነም እንደዚሁ። ሲገዙ ኮምፒውተሩን ከፍተው ያለው የካርድ መሰኪያ የድሮው ፒሲአይ ይሁን አዲሱ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ይለዩ። የድሮው ካርድ አዲሱ ላይ አይገባም። እንደ ፍላሽ የምትሰካ፣ «7.1» የተጻፈባት፣ ግን አንድ የሄድፎንና አንድ የማይክ ቀዳዳ ብቻ ያላት ትንሽ ዕቃ አለች። እሷ ስቴሪዮ ናት፣ ሰባቱ ድምፅ በሶፍትዌር የተመሰለ ነው። ካርዱ ላይም የሚቆጠረው ቀዳዳ ነው፣ ለ5.1 ቢያንስ ሦስት የስፒከር መውጫ ይኑረው።

አቀማመጥ ላይ ብዙ አልልም። ሁለቱ የፊቶቹ በጆሮ ቁመት፣ የመሃሉ ከስክሪኑ ሥር፣ የኋላዎቹ ከመቀመጫዎ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ አለፍ ብለው። የኋላዎቹ ሽቦ ካጠረ ሲቀጥሉ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኙ፣ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል። ሳብዉፈሩን ማዕዘን ውስጥ ከከተቱት ጉልበቱ ይጨምራል፣ ግን ኮርኒሱና የቆርቆሮው ምስማር ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከግድግዳው ትንሽ ያርቁት። ጎረቤትም አለ።

ሱቅ ሲሄዱ 5.1 መሆኑን በቪኤልሲ ያረጋገጡትን አንድ ፊልም በፍላሽ ይያዙ፣ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ያስከፍቱና በየስፒከሩ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ። ከአዲስ አበባ የሚያስልኩ ከሆነ ደግሞ ዕቃው አውቶቡስ ላይ ሳይጫን የሳብዉፈሩን ጀርባና የዋቷን ወረቀት ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ ይበሏቸው። ፎቶውን ሳያዩ ብር አያስገቡ።