የመኪና ፋን ፍጥነት በ555፦ ሞስፌቱን የሚያቃጥለው ዳዮዱ ነው

ወንድሜ፣ የራዲያተር ፋን በ12 ቮልት ባትሪ ሱቅህ ውስጥ ለማዞር በ555 (ታይመር አይሲ) ሰርኪውት ሠርተህ፣ ሞተሩን ቶሎ ቶሎ እያበራ የሚያጠፋው ሞስፌት (እንደ ማብሪያ የሚሠራ ትራንዚስተር) ሁለት ጊዜ ተቃጠለብኝ ብለሃል። ሞተሩ ላይ ያደረግኸው ዳዮድ 1ኤን4007 ከሆነ ጥፋቱ እዚያ ነው።

ሞስፌቱ በዘጋ ቁጥር የሞተሩ ጥቅል ውስጥ ያለው ከረንት ወዲያው አይቆምም፤ በዳዮዱ በኩል ይዞራል። ይህ ፋን ከ6 እስከ 10 አምፔር ይጎትታል፤ ፍጥነቱን ስትቀንስ ከዚያ ብዙው ዳዮዱ ላይ ይወድቃል። 4007 የሚችለው 1 አምፔር ብቻ ነው። ዳዮዱ ተቃጥሎ ሲበጠስ ከረንቱ መሄጃ ያጣል፣ ቮልቴጁ ሞስፌቱ ከሚችለው 55 ቮልት በላይ ይዘላል፣ ቀጥሎ ሞስፌቱ ይሄዳል።

ከተበላሸ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ላይ ባለ ሦስት እግሩን ሾትኪ ዳዮድ ንቀል፤ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ወይም ከዚራ ሰፈር ያሉ ጠጋኞች ጋ ጠይቅ። መሃለኛውን እግር ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሁለቱን የዳር እግሮች አንድ ላይ አድርገህ ሞተሩና ሞስፌቱ ከሚገናኙበት ጋር በይድ። አደራ፣ ዳዮዱንና ሞስፌቱን አንድ ሂት ሲንክ (ሙቀት ማስወጫ ብረት) ላይ ያለ ሚካ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ልባጭ) እንዳታስራቸው። የዳዮዱ ጀርባ ፖዘቲቭ ነው፣ የሞስፌቱ ጀርባ ድሬይን (ሞተሩ የሚገናኘው እግር) ነው፤ ብረቱ ካገናኛቸው ሞስፌቱ በተከፈተ ቅጽበት ባትሪው ሾርት ይሆናል።

የቀረው ቀላል ነው። የ555ን 1ኛ እግር ከኔጋቲቭ፣ 4ኛና 8ኛን ከፖዘቲቭ አገናኝ። 2ኛና 6ኛን አገናኝተህ በ104 (0.1 ማይክሮ) ካፓሲተር ወደ ኔጋቲቭ አውርድ። 5ኛውን በ103 (0.01 ማይክሮ) ካፓሲተር ወደ ኔጋቲቭ አድርግ። ከ7ኛው እግር ወደ ፖዘቲቭ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከዚያው እግር ደግሞ ወደ 100 ኪሎ ኦሙ ቮሊዩም (የሚዞር ሬዚስተር) መሃል እግር ሽቦ አውጣ። ከቮሊዩሙ ሁለት ዳሮች በሁለት 4148 ዳዮድ ወደ 2ኛና 6ኛ መገናኛ ና፤ የአንዱ ዳዮድ የቀለበት ምልክት ወደ መገናኛው፣ የሌላው ወደ ቮሊዩሙ ይዙር። የማብራት ማጥፋቱ ድግግሞሽ በሰከንድ ወደ 140 ጊዜ (140 ኸርዝ) ይሆናል። 104ቱን በ103 ብትለውጠው ወደ 1.4 ኪሎኸርዝ ይወጣና ሞተሩ ያፏጫል።

3ኛው እግር በ100 ኦም ወደ ሞስፌቱ (አይአርኤፍዜድ44ኤን) ጌት፣ ማለት መቆጣጠሪያ እግሩ፣ ይግባ፤ ከጌት ወደ ሶርስ (ከኔጋቲቭ ወደሚገናኘው እግር) 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አድርግ። እሱን ብዙ ሰው ይተወዋል፤ የ3ኛው እግር ሽቦ ቢላቀቅ ጌቱ ተንሳፍፎ ሞተሩ በራሱ ይነሳል። ከ555ቱ 1ኛና 8ኛ እግሮች ላይ 104፣ ከባትሪው መግቢያ ላይ 1000 ማይክሮ 25 ቮልት ካፓሲተር አክል። ፊውዙ 15 አምፔር፣ የሞተሩ ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። 10 አምፔር ላይ ሞስፌቱ ወደ 2 ዋት ይሞቃል፤ የድሬ ግንቦት 35 ዲግሪ ሲጨመርበት ያለ ሂት ሲንክ አይሆንም።

ፋኑን ከማሰርህ በፊት በቦታው የ12 ቮልት 21 ዋት የመኪና አምፖል አድርግ። ቮሊዩሙን ስታዞር ብርሃኑ እኩል እየጨመረ ከሄደ ሰርኪውቱ ልክ ነው። ቮሊዩሙን ሳትነካው ሙሉ ከበራ ሞስፌቱን አውጥተህ ጌቱን ከሶርሱ ጋር ሾርት አድርግና ድሬይንና ሶርሱን በቴስተር ለካ፤ በሁለቱም አቅጣጫ ከጮኸ ሞቷል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ካነበበ ደግሞ ድሬይንና ሶርስ ተገላብጠው ተበይደው ሊሆን ይችላል።

ባትሪ ሳይኖር ከሶላር በቀጥታ አትስጠው፤ የ555 ጣሪያ 16 ቮልት ነው፣ ፓኔሉ ጭነት ሳይኖርበት ከ18 በላይ ይሰጣል። የ220 ቮልት የጣሪያ ቬንትሌተር ላይም ፈጽሞ አትሞክረው።